«ለመቼ ነው?»
ከማሳ እስከ ማዕድ ባለው መንገድ ላይ የጠፋች ጥያቄ

ለልጅዎ ልደት ሁለት ኪሎ አቮካዶ ገዝተዋል እንበል። እንግዶች ተሰብስበው ጭማቂ ሊፈጭ ሲል ግማሹ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ የቀረው ውስጡ ጠቁሯል። ባለፈው ወር እኔ ቤት የሆነው ይኸው ነው። የገዛሁት ከአንድ ትልቅ መደብር ነበር። ልጄ «እማዬ፣ ስፕሪሱስ?» ስትለኝ የታሸገ ጭማቂ ለማስመጣት ተገደድኩ።

እናቴ ግን ይህ ችግር ገጥሟት አያውቅም። የምትገዛው ከሰፈራችን ጉልት ነው። ነጋዴዋ ከመመዘኗ በፊት «ለመቼ ነው? ለዛሬ ወይስ ለነገ?» ብላ ትጠይቃታለች፤ ከዚያ በእጇ ዳበስ ዳበስ አድርጋ ትመርጥላታለች። እኔ ለማርኬቲንግ ሥራዬ ስማር ደጋግሜ የሰማሁት «ደንበኛህን እወቅ» የሚለው ምክር በዚህች ጥያቄ ውስጥ አለ።

ከአርባ ምንጭ እስከ ጓዳዎ

ፍራፍሬ እንደ ሳሙና መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ከተቆረጠም በኋላ ይተነፍሳል። አቮካዶ ዛፉ ላይ እያለ አይለሰልስም፤ የሚበስለው ከተለቀመ በኋላ ነው። ሙዝ፣ ማንጎና ፓፓያም ከተቆረጡ በኋላ መብሰላቸውን ይቀጥላሉ። ብርቱካን፣ አናናስና ወይን ግን ቤት ስላቆዩዋቸው አይጣፍጡም።

ሙዝን እንውሰድ። ከአርባ ምንጭ አካባቢ የሚመጣው ሙዝ ገና አረንጓዴ ሳለ ይቆረጥና አይሱዙ ላይ ተደራርቦ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። የላዩ የታችኛውን ይጨፈልቃል፤ ያን ቀን የማይታየው ምት ከቀናት በኋላ ልጣጩ ላይ ጠቁሮ ይወጣል። ከተማ ሲደርስ በብዙ ቦታ በታፈነ ክፍል ውስጥ በላምባ ጭስ ይበስላል። ሙቀቱን መቆጣጠር ስለሚያስቸግር አንዱ ሲበስል ሌላው ጥሬ ይቀራል። ኪሳራውን የሚከፍሉት ገበሬውና እርስዎ ናችሁ። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 እንደገመተው፣ በዓለም ከሚመረተው ምግብ 14 በመቶ ያህሉ ከተሰበሰበ በኋላ ችርቻሮ ገበያ ሳይደርስ ይጠፋ ነበር።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

አንደኛ፣ ሣጥን። በሚደራረብ የፕላስቲክ ሣጥን ሲጫን ክብደቱን የሚሸከመው ሣጥኑ እንጂ ፍሬው አይደለም። «ባዶውን ማን ይመልሳል?» ለሚለው መልሱን ከለስላሳ ጠርሙስ እናውቀዋለን፤ ማስያዣ ነው።

ሁለተኛ፣ ማብሰያ ክፍል። ሙዝ ሲበስል ራሱ የሚያወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ አለ። ይህንኑ ጋዝ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሆን ክፍል ውስጥ በልኩ በመስጠት ሙሉው ጭነት በታቀደለት ቀን እኩል እንዲበስል ማድረግ ይቻላል።

ሦስተኛ፣ እንደ ቤተሰቡ አኗኗር መሸጥ። እ.ኤ.አ. በ2018 የደቡብ ኮሪያው ኢማርት መደብር አረንጓዴ፣ ዳማ ቢጫና ቢጫ ሙዞችን በአንድ ማሸጊያ ደርድሮ ሸጠ። ገዢው በየቀኑ አንድ የበሰለ ሙዝ ያገኛል። የጉልት ነጋዴዋ ጥያቄ በማሸጊያ ተመለሰ ማለት ነው።

«ይህ ሁሉ ዋጋ አይጨምርም ወይ?» ይሉ ይሆናል። ይጨምራል። ግን ያስሉት፦ በ100 ብር ከገዙት ኪሎ ሩቡን ከጣሉ፣ የበሉት ኪሎ 133 ብር ገደማ ወጥቶበታል።

እስከዚያው ቤትዎ

• ጥሬ አቮካዶን ከበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት ውስጥ ያኑሩት፤ ቶሎ ይበስላል። ከለሰለሰ በኋላ ፍሪጅ ያስገቡት።
• ጥሬ ሙዝ ፍሪጅ አያስገቡ፤ ልጣጩ ይጠቁራል፣ በደንብም አይበስልም።
• ሁሉንም ለአንድ ቀን አይግዙ። ሁለት ለዛሬ፣ ሁለት ለነገ፣ ሁለት ለከነገ ወዲያ ይምረጡ።

ባለፈው ሳምንት ወደዚያው መደብር ተመልሼ ሻጩን ልጅ «ይሄ አቮካዶ ለመቼ ይደርሳል?» አልኩት። ግራ ተጋብቶ «እኔ እንጃ፣ እስኪ ልጠይቅ» አለኝ። ጠይቆም አላወቀም። ነገር ግን በሳምንት ውስጥ ሃያ ደንበኛ ይህንኑ ቢጠይቀው፣ እሱም አለቃውን፣ አለቃው ጅምላ አቅራቢውን መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው እንደዚያ እያለ ማሳው ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ፍራፍሬ ሲገዙ፣ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት «ለመቼ ነው?» ይበሉ።