የሰኮሩ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ፣ ጅማ ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር የምትገኘው ሰኮሩ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት አላት። ማየት የተሳናቸው ልጆች እዚያው እያደሩ ይማሩበታል። በአገሪቱ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ጥቂት ናቸው፤ የሰበታው፣ የባኮውና የሻሸመኔው ይበልጥ ይታወቃሉ።

ልጅን ከቤተሰቡ ለይቶ ማሳደር ቀላል ውሳኔ አይደለም። ነገር ግን በአንድ ቀበሌ የሚገኘው ዓይነ ስውር ልጅ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው፤ ለእሱ ብሎ ብሬል የተባለውን በጣት የሚነበብ ጽሕፈት የሚያውቅ መምህር፣ ወረቀትና መሣሪያ በየገጠር ትምህርት ቤቱ ማሟላት እስካሁን አልተቻለም። ስለዚህ መምህሩ ወደ ልጁ በመሄድ ፈንታ ልጁ ወደ መምህሩ ይመጣል።

የመጀመሪያው ትምህርት ከደብተር ይቀድማል። ብዙ ወላጅ ልጁ እንዳይወድቅ፣ እንዳይቃጠል በመስጋት ከቤት አያስወጣውም፣ ሥራም አያዘውም። አዳሪ ቤት የገባ ልጅ ግን አልጋውን ማንጠፍ፣ ልብሱን ማጠብ፣ በነጭ በትር መንገድ መለየት ይማራል። ይህን የሚማረው ደግሞ ከመምህሩ ብቻ ሳይሆን ቀድመውት ከመጡት ልጆች ጭምር ነው። እስከዚያ ድረስ እንደ እሱ ያለ ሰው አጋጥሞት የማያውቅ ልጅ ብዙ ነው።

ቀጥሎ ብሬል ይመጣል። ልጁ ወፍራም ወረቀት ስሌት በሚባል ባለቀዳዳ የመጻፊያ ሰሌዳ መካከል ያስገባና ስታይለስ በሚባል ሹል መውጊያ ይወጋዋል። ነጥቡ የሚያብጠው በወረቀቱ ጀርባ ስለሆነ የሚጽፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ለማንበብ ወረቀቱን ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ በጣቱ ይዳስሳል። እያንዳንዱ ፊደል ከስድስት ነጥቦች ይመሠረታል። በአማርኛ ብሬል የፊደል ገበታው ሰባት ቤት ይቀርና ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ይጻፋሉ። አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት ቁቤ ከመጀመሪያውም በላቲን ፊደል ስለሆነ ወደ ብሬል ሲገባ ይህን ያህል አይለወጥም፤ ረጅም አናባቢ በድርብ ስለሚጻፍ ግን ወረቀት ይፈጃል። የሂሳብ ስሌት አባከስ በተባለው የመቁጠሪያ መሣሪያ ይሠራል። የብሬልን ሥርዓት በ1829 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሉዊ ብሬይል ራሱ በፓሪስ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ያደገ ነበር።

ፈተናው የሚበረታው ተማሪዎቹ ከአዳሪ ትምህርት ቤቱ ሲወጡ ነው። ወደ ሁለተኛ ደረጃ የተሻገረ ተማሪ ከሚያዩ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ይቀመጣል፤ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ዝም ካለ ተማሪው ምንም አያገኝም። የብሬል መጽሐፍ እንደልብ ስለማይገኝ አንባቢ ጓደኛ መለመን ወይም ትምህርቱን በስልክ መቅዳት ግድ ይሆናል። እንደዚያም ሆኖ ብዙዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው መምህራንና የሕግ ባለሙያዎች ሆነዋል። በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን ያጣችው የወሎዋ የትነበርሽ ንጉሤ ሀ ሁ የቆጠረችው በሻሸመኔው አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታ በ2010 ዓ.ም. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብላለች። ዓይነ ስውር መሆኗ ያለ ዕድሜ ከመዳር እንዳዳናት ደጋግማ ተናግራለች። ለሥራ ፈላጊው በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 አካል ጉዳተኛን በጉዳቱ ምክንያት ከሥራ ማግለልን ይከለክላል፤ ቀጣሪው ዘንድ ያለው ጥርጣሬ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም።

የመንግሥት ፖሊሲ ዛሬ የሚያዘነብለው ወደ አካቶ ትምህርት ነው፤ ልጁ ከቤቱ እየተመላለሰ ከሰፈሩ ልጆች ጋር እንዲማር። በመርህ ደረጃ የሚደገፍ ሐሳብ ነው። ልጁን ብሬል የሚያውቅ መምህር በሌለበት ክፍል ማስቀመጥ ግን ማካተት ሊባል አይችልም። የአዳሪነት ጉዳቱም የታወቀ ነው፤ ለዓመታት ከቤት የራቀ ልጅ ለቤተሰቡ እንግዳ ይሆናል፣ የእርሻውንና የቡና ለቀማውን ሥራ ሳያውቅ ያድጋል። ለዚህም ልጁ የክረምቱን ወራት ቤቱ ማሳለፉና ወላጆቹ ምን መሥራት እንደሚችል በዓይናቸው ማየታቸው ከክፍል ትምህርቱ ያላነሰ ዋጋ አለው። እንደ ሰኮሩ ያሉት ትምህርት ቤቶች ወደፊት ለአካባቢው መደበኛ ትምህርት ቤቶች ብሬል የሚያዘጋጁና መምህራንን የሚያሠለጥኑ የድጋፍ ማዕከላት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያ እስኪሆን ድረስ ግን ከየገጠሩ ለሚመጣው ልጅ የማደሪያው አልጋ ያስፈልጋል።