ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ራስን ማጥፋትን መከላከል

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ራስን ማጥፋትን መከላከል ማለት፣ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ወይም በዚህ ሐሳብ ተጨንቆ ሆስፒታል የቆየ ሰው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ፣ ያከሙት ባለሙያዎች ለወራት አልፎ አልፎ በስልክ አጫጭር የጽሑፍ መልእክት (ኤስ ኤም ኤስ) እየላኩ እንዳልረሱት የሚያሳውቁበት የክትትል ዘዴ ነው። መልእክቱ የቀጠሮ ማስታወሻ አይደለም፤ ምክርም መጠይቅም አይደለም። ይዘቱ «እንዴት ሰነበትክ፣ እያሰብንህ ነው» ከሚል ብዙም አያልፍም። ዘዴው የመደበኛው ሕክምና ተጨማሪ እንጂ ምትክ ሆኖ አያገለግልም።

ከሆስፒታል የመውጫ ጊዜ አደጋ

ብዙ ሰው በሽተኛው ከሆስፒታል ሲወጣ ክፉው ጊዜ አለፈ ብሎ ያስባል። በአእምሮ ሕክምና ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. «ጃማ ሳይካያትሪ» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ 100 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ እንዳሳየው ከአእምሮ ሕክምና ክፍል ከወጡ ሰዎች መካከል ራሳቸውን የሚያጠፉት በዓመት ከ100,000 ሰው 484 ያህል ናቸው። ከወጡ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ 3 ወራት ብቻ ሲታዩ አሃዙ በዚሁ የዓመት ስሌት ወደ 1,132 ከፍ ይላል። ለማነጻጸር ያህል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለመላው ዓለም ሕዝብ የሚገምተው ከ100,000 ሰው 9 ገደማ ነው።

ምክንያቱ ብዙ ነው። በሆስፒታል ውስጥ ቀንም ሌሊትም «ደኅና ነህ?» የሚል ሰው አለ። ቤት ሲገባ ዕዳው፣ ጠቡ፣ ብቸኝነቱ ባሉበት ይጠብቁታል። ቀጣዩ ቀጠሮ ሳምንታት ሊርቅ ይችላል፤ ቀጠሮው ሲደርስ የማይሄደውም ብዙ ነው። በዚያ ላይ ኀፍረት አለ። በወባ ወይም በቀዶ ሕክምና የተኛን ሰው ዘመድ ጎረቤት እየተመላለሰ ይጠይቀዋል፤ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ የተኛን ሰው ግን ቤተሰቡ ራሱ ሊደብቀው ይችላል። ጠያቂ ባጣበት በዚያ ክፍተት ውስጥ የሚገባ አንድ ነገር መፈለጉ ነው የዘዴው መነሻ።

አመጣጥ፦ ከደብዳቤ ወደ ስልክ

ሐሳቡን በጥናት የፈተነው የመጀመሪያው ሰው በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪም የነበረው ጄሮም ሞቶ (1921–2015 እ.ኤ.አ.) ነው። ሞቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሳለ ከአገር ቤት የሚደርሱት ደብዳቤዎች ምን ያህል ያጽናኑት እንደነበር ያስታውስ ነበር። ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከተማዋ ሆስፒታሎች በድብርት ወይም ራስን በማጥፋት አደጋ ምክንያት የተኙ 3,005 ሰዎችን መዘገበ። ከነዚህ ውስጥ 843ቱ ከወጡ በኋላ ክትትል አንፈልግም ያሉ ወይም የጀመሩትን ያቋረጡ ነበሩ። ጥናቱን ልዩ ያደረገውም ይህ ነው፤ ሞቶ የመረጠው ሆስፒታሉን ዞር ብለው ማየት ያልፈለጉትን ሰዎች ነበር።

እነዚህ ሰዎች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። 389ኙ ደብዳቤ የሚላክላቸው ሲሆኑ፣ ለ454ቱ ምንም አልተላከም። ደብዳቤው በመጀመሪያዎቹ 4 ወራት በየወሩ፣ ቀጥሎ ለ8 ወራት በየሁለት ወሩ፣ ከዚያ ለ4 ዓመታት በየሦስት ወሩ ይላክ ነበር፤ ድምሩ 24 ደብዳቤ ነው። በሆስፒታል ሳሉ ያነጋገራቸው ያው ባለሙያ በታይፕ የተጻፈውን ደብዳቤ ይፈርምበታል። ይዘቱ ከተለያዩ ጊዜ እንዳለፈ፣ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ እንደሚያደርግና መጻፍ ከፈለጉ በደስታ እንደሚያነብ የሚገልጽ ሁለት ዓረፍተ ነገር ያህል ነው፤ አጻጻፉ ግን በየጊዜው ይለያያል። አድራሻ የተጻፈበት ቴምብር የሌለው ፖስታም አብሮ ይላካል።

በ2001 እ.ኤ.አ. ሞቶና የሥራ ባልደረባው አላን ቦስትሮም ባሳተሙት ውጤት መሠረት፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ራሳቸውን ያጠፉት ደብዳቤ ከደረሳቸው 1.80 በመቶ፣ ካልደረሳቸው 3.52 በመቶ ነበሩ። በአምስቱም ዓመታት ደብዳቤ የደረሳቸው ቁጥር ዝቅ ያለ ቢሆንም ልዩነቱ በስታትስቲክስ የጸናው በሁለቱ ብቻ ነው፤ በ14ኛው ዓመት ልዩነቱ ጠፍቷል። የሟቾቹ ቁጥር ትንሽ መሆኑን መዘንጋት አይገባም፦ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት 7 ሰዎች በአንዱ ወገን፣ 16 ሰዎች በሌላው።

ከሞቶ በኋላ ሌሎች ተከተሉ። በአውስትራሊያ ኒውካስል ከተማ ግሪጎሪ ካርተርና ባልደረቦቹ ራሳቸውን ጎድተው ሆስፒታል ከገቡ 772 ሰዎች መካከል ለግማሽ ያህሉ በዓመት 8 ፖስት ካርድ ላኩ። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት ሁለት መልክ ነበረው። ድርጊቱን የደገሙት ሰዎች ድርሻ ብዙም አልተለያየም (15.1 በመቶ እና 17.3 በመቶ)፤ የድግግሞሾቹ ጠቅላላ ቁጥር ግን 101 እና 192 ሆነ። በኢራን ቴህራን በ2,300 ሰዎች ላይ የተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ራስን የማጥፋት ሐሳብም ሙከራም መቀነሱን አሳይቷል። በኒው ዚላንድ ክራይስትቸርች የተደረገው ግን የሚያጽናና ውጤት አላገኘም።

ሞባይል ስልክ ሲስፋፋ ፖስታ ቤቱን ስልክ ተካው። በፈረንሳይ ብሬስት ከተማ በሶፊያን ቤሩጌ የሚመራ ቡድን በትንሽ የሙከራ ጥናት ዘዴው ሊሠራ እንደሚችልና ታካሚዎች እንደተቀበሉት አሳየ። እስካሁን በስፋት ከሚጠቀሱት አንዱ በኬት ኮምቶይስ መሪነት በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ውስጥ የተካሄደውና በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ነው። ራሳቸውን የማጥፋት ሐሳብ ከነበራቸው 658 ወታደሮች መካከል ግማሽ ያህሉ ከመደበኛው ሕክምና ሌላ በ12 ወራት 11 መልእክት ደረሳቸው፤ አንዱ በልደታቸው ቀን ነበር። ተመራማሪዎቹ አስቀድመው ዋና ብለው በያዟቸው ሁለት መለኪያዎች ልዩነት አልተገኘም። በሌሎች መለኪያዎች ግን በዓመቱ ውስጥ ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩት መልእክት ከደረሳቸው 9 በመቶ፣ ካልደረሳቸው 15 በመቶ ያህል ሆነዋል። እነዚህ ወታደሮች ሁሉም ከሆስፒታል የወጡ አለመሆናቸው ግን መታወስ አለበት።

አሠራር

በኮምፒውተር በኩል ሲታይ ነገሩ ቀላል ነው። የታካሚው ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የወጣበት ቀንና የመላኪያ ቀናቱ የሚቀመጡበት ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፤ ቀኑ ሲደርስ ፕሮግራሙ መልእክቱን ይልካል። መልእክቶቹ መጀመሪያ ላይ ይቀራረባሉ፣ እየቆዩ ይራራቃሉ፤ አደጋው የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሆነ ነው።

አስቸጋሪው ክፍል ከመላኩ በኋላ ይመጣል። ታካሚው ሌሊት በ8 ሰዓት «አልቻልኩም» ብሎ ቢመልስ ማን ያነበዋል? መልእክቱን ፕሮግራም ቢልከውም መልሱን የሚያይ ሰው ከሌለ ዘዴው ትርጉሙን ያጣል፤ አሳቢ መስሎ የቀረበ ማሽን ዝም ሲል ከጅምሩ ካለመላክ የከፋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መልስ የሚነበብበት ሰዓት ለታካሚው አስቀድሞ ይነገራል፤ ለአጣዳፊ ጊዜ የሚደወልበት ቁጥርም ይሰጠዋል። ለምሳሌ በአሜሪካ 988፣ በእስራኤል 1201 ለዚህ የተመደቡ የስልክ መስመሮች ናቸው።

የስልክ ቁጥር ጉዳይም አለ። ሰው ሲም ካርድ ይቀይራል፤ የተተወ ቁጥር ለሌላ ደንበኛ ይሰጣል፤ በአንድ ቤት አንድ ስልክ የሚጋሩ አሉ። «ደረሰ» የሚለው ማረጋገጫ ስልኩ መቀበሉን እንጂ ባለቤቱ ማንበቡን አይናገርም። የኒውካስል ፖስት ካርዶች በታሸገ ፖስታ ይላኩ የነበረው ሌላ ሰው እንዳያያቸው ሲሆን፣ የስልክ መልእክት ግን ስልኩ ተቆልፎ እያለም ከላይ ሊነበብ ይችላል። በመሆኑም የሆስፒታሉን የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስም ወይም የሕመሙን ዓይነት መልእክቱ ውስጥ አለመጻፍ ይሻላል። ታካሚው ከሞተ ደግሞ ስሙ ከሠንጠረዡ ወዲያው መውጣት አለበት። አለበለዚያ የልደት ሰላምታው ሐዘን ላይ ላለች እናት ስልክ ይደርሳል።

መልእክቱ በአማርኛ ሲጻፍ

አንድ መልእክት በላቲን ፊደል እስከ 160 ምልክት ይይዛል። የግዕዝ ፊደል ግን በዩኒኮድ ስለሚላክ መጠኑ ወደ 70 ይወርዳል፤ ከዚያ ካለፈ መልእክቱ እየተከፋፈለ እያንዳንዱ ክፍል 67 ምልክት ይሆናል። ደግነቱ አማርኛ ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ፊደል ስለሚጽፍ 70 ፊደል ብዙ ይናገራል። ለምሳሌ ያህል የተዘጋጀው «ሰላም አልማዝ፤ እንዴት ሰነበትሽ? ስላንቺ እያሰብን ነው። መመለስ ግዴታ አይደለም።» ክፍት ቦታውን ጨምሮ 52 ምልክት ብቻ ነው።

ከመጠኑ ይልቅ የሚከብደው አጠራሩ ነው። እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ ቃል ስላለው የተዘጋጀው መልእክት ስም ብቻ እየተቀየረ ለሁሉም ይሄዳል። በአማርኛ አንተ፣ አንቺ ወይም እርስዎ ከሚለው አንዱን ሳይመርጡ «እንዴት ሰነበትክ» ማለት አይቻልም። ሁሉንም እርስዎ ማለት ለፕሮግራሙ ይቀላል፤ ጾታም አይለይም። ሆኖም በሆስፒታል «አንቺ» እያለች ስታጽናናት የነበረች ነርስ በድንገት «እንዴት ሰነበቱ» ብትላት የ18 ዓመቷ ልጅ ከመሥሪያ ቤት የመጣ ማስታወቂያ ሊመስላት ይችላል። በአንጻሩ የ60 ዓመት አባትን «አንተ» ማለት ነውር ነው። መፍትሔው ታካሚው ሳይወጣ ምን ተብሎ መጠራት እንደሚፈልግ ጠይቆ ከስልክ ቁጥሩ ጎን መመዝገብ ነው።

ውጤታማነቱ ላይ ያለ ክርክር

ዘዴው ለምን ይሠራል ለሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ጆይነር ሐሳብ ነው። እንደ እርሱ አባባል ራስን የማጥፋት ፍላጎት የሚበረታው ሰው ከማንም ጋር እንዳልሆነና ለሌሎች ሸክም እንደሆነ ሲሰማው ነው። ምንም የማይጠይቅ መልእክት ሁለቱንም ስሜት በትንሹ ይነካል፤ መልስ የማይጠበቅበት መሆኑ ድክመት ሳይሆን ዋናው ነገር የሚሆነውም ለዚህ ነው።

የማስረጃው ጥንካሬ ግን አከራካሪ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ደብዳቤን፣ ፖስት ካርድንና የስልክ ጥሪን አንድ ላይ የመረመሩት አሊሰን ሚልነርና ባልደረቦቿ የድግግሞሽ ቁጥር መቀነሱን ቢያገኙም፣ ዘዴው በስፋት ሥራ ላይ ይዋል ለማለት ማስረጃው ገና አይበቃም ብለዋል። ሞት እንዲህ ባሉ ጥናቶች ውስጥ በቁጥር ጥቂት በመሆኑ መልእክቱ ሕይወት ማዳኑን በቀጥታ ለማረጋገጥ እጅግ ብዙ ተሳታፊ ያስፈልጋል። ያም ሆኖ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2020 እ.ኤ.አ. ወደ አጣዳፊ የስልክ መስመሩ ለደወሉ የቀድሞ ወታደሮች ደብዳቤ መላክ ጀምሯል። ወጪው አነስተኛ ነው፤ ጉዳት ማድረሱም በጥናቶቹ አልታየም።

ከስልክ መልእክት ብቻ ይልቅ ውይይትን ከክትትል ጋር ያጣመረ ሥራ የተሻለ ውጤት ያሳየበት ጊዜም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በህንድ፣ በስሪ ላንካ፣ በኢራንና በቻይና 1,867 ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት አካሂዶ ነበር። ታካሚው ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰዓት ያህል ይነጋገሩታል፤ ከዚያ በ18 ወራት 9 ጊዜ በስልክ ወይም በአካል ይጠይቁታል። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት ራሳቸውን ያጠፉት እንዲህ ከተጠየቁት 0.2 በመቶ፣ ካልተጠየቁት 2.2 በመቶ ነበሩ። እዚያ ጠያቂው ድምፁ የሚሰማ ወይም ደጃፍ ድረስ የሚመጣ ሰው ነበር።