«ጽሑፍዎ ሲስተሙ ውስጥ ነው»፦ ስለ ኦንላይን የጽሑፍ ማስገቢያ ተረትና እውነታ

አንድ ወጣት መምህር ጽሑፉን ለምርምር መጽሔት ልኮ ስድስት ወር ቢሞላው ወደ ዝግጅት ክፍሉ ይደውላል። ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ጽሑፍዎ ሲስተሙ ውስጥ ነው» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት የለበትም፤ ለጠያቂው ግን ምንም አልነገረውም። የደረጃ እድገቱ ወይም የሦስተኛ ዲግሪ መመረቂያው በዚያች አንዲት ጽሑፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው መልስ ከክፋት አይመጣም። የሚመጣው ስለ ሲስተሙ ከያዝናቸው የተሳሳቱ እምነቶች ነው፤ እነሱን አንድ በአንድ ማየት ይገባል።

አስቀድሞ ስለ ሲስተሙ ጥቂት እንበል። በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ፣ በአጭሩ ኦጄኤስ ነው። የሠራው ጆን ዊሊንስኪ እ.ኤ.አ. በ1998 ካናዳ በሚገኘው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት ፐብሊክ ኖውሌጅ ፕሮጀክት ነው። ያለ ክፍያ የሚገኝ ሶፍትዌር በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2020 ከ25 ሺህ በላይ መጽሔቶች ይሠሩበት ነበር። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ከሚታተሙት መጽሔቶችም ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። ከትልልቆቹ የንግድ አሳታሚዎች አንዳንዶቹ ደግሞ ኤዲቶሪያል ማኔጀርን ወይም ስኮላርዋንን ይመርጣሉ። መልካቸውና አንዳንድ አሠራራቸው ይለያይ እንጂ ከዚህ በታች የሚነገረው በአብዛኛው ሁሉንም ይመለከታል።

«ሲስተሙ ራሱ ያስኬደዋል»

ከሁሉም ሥር የሰደደው እምነት ይህ ነው። ጽሑፉ አንዴ ከገባ ወደ ገምጋሚ፣ ከገምጋሚ ወደ ውሳኔ፣ ከውሳኔ ወደ ኅትመት በራሱ ጊዜ የሚሄድ ይመስለናል።

እውነታው ሌላ ነው፤ ሲስተሙ የሚያገለግለው እንደ መዝገብ ቤት ነው። ማን ምን መቼ እንዳደረገ ይመዘግባል፣ ፋይሉን ያስቀምጣል፣ ሲጠየቅ ያወጣል። የሚያንቀሳቅሰው ሰው ከሌለ ግን ጽሑፉ ካለበት አይነሳም።

ዋና አዘጋጁ ኦጄኤስ ውስጥ ገብቶ የሚያየውን ገጽ በቅርብ እንመልከተው። አዲስ ጽሑፍ የሚቀመጠው አዘጋጅ ያልተመደበላቸው ጽሑፎች በሚቆዩበት ክፍል ነው። ማንም ካልተመደበ ሳምንትም ወርም እዚያው ይከርማል። ተመድቦ ወደ ግምገማ አለፈ እንበል። አዘጋጁ ሁለት ገምጋሚዎችን ጋበዘ። ከአንደኛዋ ስም ትይዩ ግብዣው መቀበሉና ግምገማው የሚመለስበት ቀን ይታያል። ከሁለተኛው ስም ትይዩ ያለው ግን ግብዣ መላኩ ብቻ ነው፤ ለመልስ የተሰጠው ቀን ካለፈ ወር ሆኖታል። ይህ ገምጋሚ እንቢ አላለም፣ እሺም አላለም። ሲስተሙ ቀኑ ማለፉን ያሳያል፤ በእሱ ፋንታ ሌላ ሰው አይጋብዝም። ደራሲዋ ግን በራሷ ገጽ የምታየው «በግምገማ ላይ» የሚል ጽሑፍ ነው። ሁለት ምሁራን ጽሑፏን እያነበቡላት ይመስላታል፤ የሚያነበው አንድ ሰው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ «የማስታወሻ ኢሜይሉስ?» የሚል ይኖራል። ማስታወሻው በራሱ የሚላከው የመጽሔቱ ኃላፊ ከስንት ቀን በኋላ እንደሚላክ በግምገማ ቅንብሩ ላይ ከሞላና በሰርቨሩ በኩል በጊዜ የሚሠሩ ተግባራት ከተከፈቱ ነው። ይህ ሳይደረግ ሥራ የጀመረ መጽሔት ማስታወሻ ይልክልኛል ብሎ ይጠብቃል፤ ሲስተሙ ግን አንድም አይልክም። ስለዚህ አዘጋጅ ሆኖ የተሾመ ሰው በመጀመሪያው ቀን ቴክኒክ ክፍሉን ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ «ማስታወሻዎቹ በእርግጥ ይሄዳሉ ወይ?» የሚለው ነው። ቀጥሎም በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን ይዞ ቀናቸው ያለፈባቸውን ጽሑፎች ማየት፣ ዝም ያለውን ገምጋሚ ግብዣ ሰርዞ ሌላ መጋበዝ ያስፈልጋል። የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ነው፤ የሚያድነው ግን የሰው ወራት ነው።

«ኢሜይሉ ተልኳል፤ እንግዲህ ደርሷል»

የሲስተሙ መዝገብ መልእክቱ የተላከበትን ቀንና ሰዓት ሳይቀር ይይዛል። ይህ የሚመሰክረው ግን መልእክቱ ከሰርቨሩ መውጣቱን ብቻ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ሰርቨር የሚወጣ ኢሜይል፣ የላኪው ማንነት በአግባቡ ካልተረጋገጠ፣ በቀጥታ ወደ ስፓም ሊገባ ወይም ጭራሽ ተመላሽ ሊሆን ይችላል። ጎግል እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ወደ ጂሜይል አድራሻ የሚልክ ሁሉ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኬአይኤም የተባሉትን ማረጋገጫዎች እንዲያሟላ ያዛል። የገምጋሚዎቻችን ብዙ ክፍል የሚጠቀመው ጂሜይል ነው። ሦስት ጊዜ ተጋብዞ ዝም ያለውን ሰው ሰነፍ ወይም ኩሩ ከማለት በፊት ስልክ መደወል ይቀድማል። «ኧረ ምንም አልደረሰኝም» ካለ ችግሩ ያለው ቴክኒክ ክፍሉ ዘንድ ነው፤ መፍትሔውም የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

«ገምጋሚውን ደራሲው ራሱ ከጠቆመ ሥራው ቀለለ»

ብዙ ሲስተሞች ደራሲው ጽሑፉን ሲያስገባ የሚሆኑ ገምጋሚዎችን ስምና ኢሜይል እንዲሞላ ይጠይቃሉ። ሙያው ጠባብ በሆነበት መስክ ይህ ጥሩ እርዳታ ነው። አደጋው የሚመጣው የተሞላውን ኢሜይል ሳያጣሩ ግብዣ ሲላክበት ነው።

በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ የሚሠራ አንድ ደቡብ ኮሪያዊ ተመራማሪ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲጋለጥ ዓለም ደነገጠ። ለገምጋሚነት የሚጠቁማቸው ስሞች አንዳንዶቹ የእውነተኛ ምሁራን፣ አንዳንዶቹ የፈጠራ ነበሩ፤ ኢሜይሎቹ ግን የሚደርሱት ለራሱ ወይም ለባልደረቦቹ ነበር። የራሱን ጽሑፍ ራሱ ገምግሞ ይመልስ ነበር ማለት ነው። አዘጋጁን ያጠራጠረው የግምገማዎቹ ይዘት አልነበረም፤ አንዳንዶቹ ሃያ አራት ሰዓት ሳይሞላ መመለሳቸው ነው። በመጨረሻ 28 ጽሑፎቹ ከኅትመት ተሰረዙ። ነገሩ በእሱ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2014 ጆርናል ኦፍ ቫይብሬሽን ኤንድ ኮንትሮል 60 ጽሑፎችን ሰረዘ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ቱመር ባዮሎጂ የተባለው የካንሰር ምርምር መጽሔት በአንድ ጊዜ 107 ጽሑፎችን ሰረዘ። ምክንያቱ በሁሉም የተበላሸ ግምገማ ነበር። ሲስተሞቹ በዚያን ጊዜ አልተሰበሩም፤ የታዘዙትን በትክክል እየፈጸሙ ነበር። ያልተደረገው የአዘጋጁ ማጣራት ነው።

ከዚያ ወዲህ የሚሰጠው ምክር «የተቋም ኢሜይል የሌለውን አትጋብዙ» የሚል ሆነ። ይህን ምክር እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት ግን አግባብ አይመስለኝም። ብዙ አንቱ የተባሉ ምሁራኖቻችን የሚጽፉት ከጂሜይልና ከያሁ ነው፤ የዩኒቨርሲቲያቸው ኢሜይል ስለሚቆራረጥ ወይም ሲዘዋወሩ ስለሚዘጋ። እነሱን መዝጋት ጥቂት የሆኑትን ገምጋሚዎቻችንን ማሳጣት ነው። የተሻለው መንገድ አድራሻውን ከሌላ ምንጭ ማመሳከር ነው፦ ሰውየው ባሳተመው ጽሑፍ ግርጌ ካለው ኢሜይል፣ ኦርኪድ ከተባለው የተመራማሪዎች መለያ መዝገብ፣ ወይም ትምህርት ክፍሉ ዘንድ ደውሎ። ከጠቋሚው ደራሲ ጋር አብሮ ያሳተመ ወይም አማካሪው የነበረ አለመሆኑንም ማየት ይገባል። ቢያንስ አንደኛው ገምጋሚ አዘጋጁ ራሱ ፈልጎ ያገኘው ይሁን።

ማንነት ማጣራትን ካነሣን አይቀር ስለ ይለፍ ቃልም መናገር ያስፈልጋል። አዘጋጁ ሥራ ሲበዛበት ይለፍ ቃሉን ለረዳቱ የሚሰጥባቸው ቢሮዎች አሉ። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ውሳኔ ሁሉ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሲስተሙ ለረዳት የራሱን መግቢያና የተወሰነ ሥልጣን መስጠት ያስችላል፤ ማድረግ ነው።

«ስም ከተሰወረ ተሰወረ»

ደራሲና ገምጋሚ እንዳይተዋወቁ የሚደረግበትን የግምገማ ዓይነት ቅንብሩ ላይ መምረጥ ይቻላል። ሲስተሙ ያኔ የሚሰውረው በራሱ ገጽ ላይ ያለውን ስም ነው። በወርድ ፋይሉ ባሕርያት ውስጥ የተጻፈው የደራሲ ስም፣ በምስጋናው ገጽ የተጠራው አማካሪ፣ «ባለፈው ጥናቴ እንዳሳየሁት» ብሎ ስሙን የሚጠቅሰው ዐረፍተ ነገር እንዳሉ ወደ ገምጋሚው ይሄዳሉ። በተቃራኒውም ገምጋሚው በጽሑፉ ጠርዝ ላይ የጻፈው አስተያየት የኮምፒውተሩን ባለቤት ስም ይዞ ወደ ደራሲው ሊመለስ ይችላል። ፋይሉን ከፍቶ ማጽዳት የአዘጋጁ ሥራ ነው።

«ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ ሌብነት ነው»

የጽሑፍ መመሳሰልን የሚለኩ ፕሮግራሞች ቁጥር ይሰጣሉ፤ ቁጥር ደግሞ ፍርድ ይመስላል። አይደለም። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ተከታታይ ቃላት ሌላ ቦታ መገኘታቸውን ብቻ ነው።

አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏ በዩኒቨርሲቲዋ የኦንላይን ማኅደር ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ከእሱ አንድ ምዕራፍ አውጥታ ብትልክ መመሳሰሉ 60 በመቶ ሊደርስ ይችላል። የሰረቀችው ነገር የለም፤ ሥራው የራሷ ነው። ብዙ መጽሔቶችም ከመመረቂያ ጽሑፍ የወጣ መሆኑ እስከተገለጸ ድረስ ይቀበሉታል። የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝርና የተለመደ የላቦራቶሪ ዘዴ አገላለጽም ቁጥሩን ያንረዋል። በሌላ በኩል ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ቃል በቃል ተገልብጦ የቀረበ ጽሑፍ ቃላትን ብቻ ለሚያመሳስል ፕሮግራም ንጹሕ ሆኖ ይታያል። በቁጥሩ ብቻ የሚወስን አዘጋጅ የመጀመሪያዋን አባርሮ ሁለተኛውን ያሳትማል። ስለዚህ ሪፖርቱን ከፍቶ የተመሳሰለው የትኛው አንቀጽ እንደሆነ፣ ከማን ጽሑፍ ጋር እንደሆነ ማየት ግድ ነው። ዝቅ ያለ ቁጥርም ቢሆን በውጤቱ ምዕራፍ ላይ የተከማቸ እንደሆነ ሊያሳስብ ይገባል።

«የስም ሳጥኖቹ ቅጽ መሙያ ናቸው»

በሲስተሙ ላይ ደራሲው የሚሞላው ስም በኋላ በጎግል ስኮላርና በሌሎች መዘርዝሮች የሚታየው ነው። ሳጥኖቹ የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ ነው። እኛ የራስ ስምና የአባት ስም ነው ያለን። አንዱ ደራሲ በአንድ መጽሔት የአባቱን ስም፣ በሌላው የአያቱን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ቢሞላ ሥራው ለሁለት ሰው ይከፈላል። በአማርኛ ፊደል ሲሆን ደግሞ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለፍለጋ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። አዘጋጁ ጽሑፉ ሳይታተም ደራሲው ስሙን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት እንዲጽፍና የኦርኪድ ቁጥሩን እንዲያያይዝ ቢጠይቀው ትልቅ ውለታ ውሎለታል። ከታተመና ወደ መዘርዝሮቹ ከተሰራጨ በኋላ ማረሙ እጅግ ያደክማል።

«ሁለቱም ገምጋሚዎች ካሉት ሌላ ምን ይወሰናል?»

ሲስተሙ የገምጋሚዎቹን ሐሳብ ጎን ለጎን ያስቀምጣል፦ አንዱ ይታተም፣ አንዱ ይታረም፣ አንዱ ውድቅ ይሁን። አቀማመጡ የድምፅ ቆጠራ ያስመስለዋል። የገምጋሚ ሐሳብ ምክር ነው፤ ውሳኔው የአዘጋጁ ነው። «ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ ይታተም» ብሎ በሁለት መስመር የጨረሰ ገምጋሚና የናሙና አመራረጡን ስሕተት በአራት ገጽ ያሳየ ገምጋሚ እኩል አይመዘኑም። ሁለት አጫጭር ምስጋናዎች አንድን በማስረጃ የቀረበ ተቃውሞ አይረቱም።

ውሳኔው ሲላክ ሲስተሙ የተዘጋጀ ደብዳቤ ያቀርባል፤ የገምጋሚዎቹንም አስተያየት ከሥሩ ይለጥፋል። ብዙ ጊዜ ይኸው ሳይነካ ይላካል። ደራሲው ሲከፍተው አንደኛው ገምጋሚ «የታሪክ ዳራው ይጠር» ይለዋል፣ ሁለተኛው «የታሪክ ዳራው ይስፋ» ይለዋል። የትኛውን ይታዘዝ? ያንን ሊነግረው የሚችለው አዘጋጁ ብቻ ነው። ከደብዳቤው አናት ላይ አምስት መስመር በቂ ናቸው፦ የታሪክ ዳራውን በተመለከተ የሁለተኛውን ገምጋሚ ይከተሉ፤ ሠንጠረዥ 3 ላይ የተነሣው ጥያቄ ካልተመለሰ ጽሑፉ ሊታተም አይችልም፤ ተጨማሪ ቃለ መጠይቅ እንዲደረግ የቀረበውን ሐሳብ ከበጀትዎ በላይ ከሆነ ሊተዉት ይችላሉ፤ የተስተካከለውን በሁለት ወር ውስጥ ይላኩልን፤ ጊዜ ካጠረዎት አስቀድመው ያሳውቁን።