ከክለብ ሜዳ እስከ ደመወዝ፦ የስፖርት መኪና እሽቅድድም መሰላል ከደቡብ ኦሞ ሲታይ

ዝናብ ጥሎ ባደረ ማግስት ከጂንካ ወደ ማጎ ቁልቁል የሚወርድ ሾፌር መኪናውን በመሪ ብቻ አይነዳም። ጭቃው ጎማ ላይ ሲለጠፍ ነዳጅ መስጠት የት እንደሚያወጣና የት እንደሚያሰምጥ፣ ፍሬን መያዝ መቼ እንደሚያንሸራትት በእግሩና በመቀመጫው ያውቀዋል። ቱርሚ አጠገብ የካስኬን ደረቅ ወንዝ የሚሻገረውም የጎማውን ንፋስ ቀነስ አድርጎ፣ አሸዋው ላይ ሳይቆም፣ ማርሽ ሳይቀያይር ያልፋል። ለዚህ ችሎታ ሰርተፍኬት የሚሰጥ የለም። ከድንበሩ ማዶ በኬንያ ግን ይኸው ችሎታ ከ1953 ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ሳፋሪ ራሊ በተባለው ውድድር ሲፈተን ኖሯል። ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ ሦስት ጊዜ፣ ካምፓላ የተወለደው ሼካር ሜህታ አምስት ጊዜ አሸንፈውበታል።

ስለዚህ ለደቡብ ኦሞ ወጣት ሩቅ የሆነው ችሎታው ሳይሆን መሰላሉ ነው። በትርፍ ጊዜው የሚወዳደር አማተር በምን መንገድ በሙያው እንጀራ የሚበላ ሰው ይሆናል? ይህ ዳሰሳ በአስፋልት ሜዳ ላይ በሚደረገው የስፖርት መኪና ውድድር ላይ ያተኩራል። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። አማተርና ፕሮፌሽናል አንዲት መኪና ተራ በተራ እየነዱ አንድ ውጤት የሚካፈሉበት ስፖርት ብዙ የለም፤ ለአዲስ ጀማሪ የተከፈተው በርም ያለው እዚያ መጋራት ውስጥ ነው።

የእኛ አገር ሰው የሚያውቀው የስፖርት መሰላል የአትሌቲክሱ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ውድድር ወደ ፕሮጀክት፣ ከፕሮጀክት ወደ ክለብ ይሄዳል። መቻል፣ ንግድ ባንክና መብራት ኃይልን የመሰሉ ክለቦች ለሯጩ ደመወዝ ይከፍላሉ፤ ከፍ ባለ ቁጥርም የሚያገኘው ይጨምራል። በመኪና እሽቅድድም ገንዘቡ የሚፈሰው በተቃራኒው ነው። ታች ያለው ይከፍላል፣ መሀል ላይ ያለው የበለጠ ይከፍላል፣ ላይ ከደረሱት ውስጥ ጥቂቶች ይከፈላቸዋል። ይህን ሳይረዳ ፍጥነት ብቻውን ያወጣኛል ብሎ የተነሳ ወጣት ዕድሜውንና የቤተሰቡን ጥሪት ያባክናል።

የመጀመሪያው እርከን የክለብ ውድድር ነው። በእንግሊዝ በ1939 የተቋቋመው 750 ሞተር ክለብና በአሜሪካ በ1944 የተመሠረተው ኤስሲሲኤ የተባለው የስፖርት መኪና ክለብ ለዚህ ዓይነቱ ውድድር አርአያ ናቸው። ተወዳዳሪው ሐኪም፣ መምህር ወይም ባለ ጋራዥ ሊሆን ይችላል። ቅዳሜና እሑድ መኪናውን በተጎታች ጭኖ ይመጣል፤ ይለማመዳል፤ የመነሻ ተራውን የሚወስነውን የሰዓት ሙከራ ያደርጋል፤ ከዚያ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ያልዘለለ ውድድር ይገጥማል። ጎማ የሚቀይሩትና ዘይት የሚያዩት ራሱና ወዳጆቹ ናቸው። መንጃ ፈቃድ ብቻውን ሜዳ አያስገባም። የሕክምና ምርመራ አልፎ፣ የባንዲራዎቹን ትርጉም ተምሮ፣ በአሠልጣኝ ዓይን ተፈትኖ የውድድር ፈቃድ ማውጣት አለበት። ቢጫ ባንዲራ ሲውለበለብ ከፊት አደጋ አለና መቅደም ክልክል ነው። ሰማያዊ ሲታይ ከኋላ ፈጣን መኪና ደርሷል ማለት ነው። ከአገሩ ውጭ ለመወዳደር የሚያስፈልገውን ፈቃድ ደግሞ ፊያ የሚባለው ዓለም አቀፍ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን በየአገሩ እውቅና የሰጠው አካል ያወጣለታል። በኬንያ ይህን የሚሠራው የኬንያ ሞተር ስፖርት ፌዴሬሽን ነው።

ለጀማሪ የሚበጀው ሁሉም አንድ ዓይነት መኪና የሚነዱበት ውድድር ነው። በ1989 የወጣችው ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ ትንሿ ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና፣ የብዙ አማተሮች አስተማሪ ሆናለች። ሞተሯ ጉልበታም ስላልሆነ ኩርባ ላይ የጠፋ ፍጥነት ቀጥታው መንገድ ላይ በነዳጅ አይመለስም። ነጂው ፍሬኑን የት እንደሚለቅና መሪውን በምን ያህል እርጋታ እንደሚያዞር ሳይወድ በግዱ ይማራል። በጉልበታም መኪና የጀመረ ሰው ግን ስህተቱን ሞተሩ ይሸፍንለታል፤ ኋላ ሁሉም እኩል ጉልበት ሲይዝ ጉድለቱ ይወጣበታል።

ቀጥሎ የአንድ ፋብሪካ ዋንጫ ይመጣል። መኪናው አሁንም አንድ ዓይነት ነው፤ ነገር ግን ቡድን፣ ደንበኛ ጎማ አቅራቢ፣ የቴሌቪዥን ስርጭትና የገንዘብ ሽልማት አለው። በአሜሪካ ኢምሳ በሚባለው የስፖርት መኪና ማኅበር ሥር የሚካሄደው የማዝዳ ኤምኤክስ-5 ካፕ ከ2021 ጀምሮ ለሻምፒዮኑ 250 ሺህ ዶላር ሲሰጥ የነበረው ወደሚቀጥለው እርከን እንዲሸጋገርበት ነው። በአፍሪካ ደግሞ የደቡብ አፍሪካው የቮልስዋገን ፖሎ ካፕ አለ። ከዚያ ሜዳ የወጡትን ስም ማንሳት ይበቃል። ሼልደን ቫን ደር ሊንደ በ2022 የጀርመኑን ዲቲኤም ሻምፒዮና ወሰደ። ወንድሙ ኬልቪን የኑርቡርግሪንግን 24 ሰዓት አሸነፈ። ጆርዳን ፔፐርም በ2020 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በቤንትሊ መኪና የአውስትራሊያውን የባተርስት 12 ሰዓት ድል አደረገ። ፖሎ በየከተማው የምትታይ ተራ መኪና ናት፤ አፍሪካዊ ወጣቶችን ለአውሮፓ ያበቃው የመኪናዋ ውድነት ሳይሆን ውድድሩ በየዓመቱ ሳይቋረጥ መካሄዱ ነው። የቫን ደር ሊንደ ወንድማማቾች አባት ሾንም ተወዳዳሪ እንደነበር ግን መዘንጋት የለበትም። ሙያው ቤታቸው ውስጥ ነበር።

እውነተኛው መሸጋገሪያ ጂቲ4 የሚባለው ምድብ ነው። ፖርሽ ኬይማን፣ ቢኤምደብሊው ኤም4፣ አስተን ማርቲን ቫንቴጅ፣ ቶዮታ ሱፕራ የመሳሰሉት ከመንገድ መኪናነታቸው ብዙ ሳይርቁ ለውድድር ተዘጋጅተው የሚቀርቡበት ነው። የአንዱ ዋጋ 200 ሺህ ዩሮ አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። በላዩ ያለው ጂቲ3 ዋጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል። ዳኞቹ በአንዱ መኪና ላይ ክብደት ይጨምራሉ፣ የሌላውን ሞተር ያፍናሉ፤ በዚህም የተለያዩ ፋብሪካዎች መኪኖች ተቀራራቢ ሰዓት እንዲያስመዘግቡ ይደረጋል። ልዩነቱ በሰው እጅ ላይ ይወድቃል።

እዚህ እርከን ላይ ሰዎቹም እንደ መኪኖቹ ይመደባሉ። ፊያ ነጂዎችን እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ውጤታቸው ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅና ፕላቲነም ብሎ ይከፍላል። አማተሩ በአብዛኛው ነሐስ ነው፤ የፋብሪካ ቅጥረኛው ፕላቲነም ወይም ወርቅ ነው። የውድድሩ ደንብ ደግሞ ቡድኖች እነዚህን እንዲቀላቅሉ ያስገድዳል። በዓለም የጽናት ሻምፒዮና፣ ማለትም ከ1923 ጀምሮ ሲካሄድ የቆየውን የሌ ማን 24 ሰዓት በሚያካትተው ውድድር፣ ከ2024 ወዲህ በጂቲ3 መኪኖች ምድብ ከሦስቱ ነጂዎች ቢያንስ አንዱ ነሐስ መሆን አለበት፤ ሁለተኛው ከብር አይበልጥም፤ ሦስተኛው ማንም ሊሆን ይችላል።

ይህ ደንብ የስፖርቱን ኢኮኖሚ ተሸክሞታል። ነሐሱ ብዙውን ጊዜ በሌላ ሥራ የበለጸገ ሰው ነው። የመኪናውን፣ የጎማውን፣ የመካኒኩንና የጉዞውን ወጪ እሱ ይሸፍናል፤ በምላሹ አጠገቡ ጎበዝ ፕሮፌሽናል ይፈልጋል። የመጀመሪያ ደመወዙን የሚያገኘው ወጣት እንግዲህ የሚቀጠረው ለመንዳት ብቻ አይደለም፤ ያንን ሰው ለማስተማርም ነው። ኩርባው ላይ ለምን ሁለት አሥረኛ ሰከንድ እንደጠፋው ሳያሳፍር ማስረዳት፣ ሲደክም ማበርታት፣ መኪናውን ሳይቧጭር ማስረከብ ይጠበቅበታል። ከሁሉ ፈጣን ሆኖ ጠባዩ የማይመች ወጣት ቤት ሲቀር፣ በትንሹ የሚዘገይ ትዕግሥተኛ ሲቀጠር የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ለእኔ ይህ የስፖርቱ ነውር ሳይሆን ክብሩ ነው፤ ማስተማር የማይችል ፕሮፌሽናል ግማሽ ፕሮፌሽናል ነውና።

የብር ማዕረግ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ደንቡ የብር ቦታ ስለሚጠይቅ ፈጣን የሆነ ብር በየቡድኑ ይፈለጋል። ሁለት ጥሩ ዓመት ካሳለፈ በኋላ ወደ ወርቅ ቢያድግ ደስ ሊለው የሚገባ ይመስላል። ነገር ግን አሁን የሚፎካከረው ከፋብሪካ ነጂዎች ጋር ነው፤ ፋብሪካ የማያውቀው ወርቅ ሥራ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ማዕረጌን ዝቅ አድርጉልኝ ብለው ይግባኝ የሚሉ ነጂዎች አሉ። ለሯጭ ይህ ጉድ ነው፤ እዚህ ግን የኑሮ ጥያቄ ነው።

በሜዳው ላይ የሚለወጠውም ብዙ ነው። የክለብ ተወዳዳሪ በሃያ ደቂቃ ውስጥ አንድ ድንቅ ዙር ቢነዳ ይወራለታል። በአራት ሰዓት ውድድር ግን የሚፈለገው በሙቀት፣ በሚያረጅ ጎማ፣ ነዳጅ ሞልቶም ጎድሎም እያለ አርባ ዙር ያህል ተመሳሳይ ሰዓት ማስመዝገብ ነው። ፈጣን ምድብ ከኋላ ሲመጣ ሁለቱም ጊዜ ሳያጡ ማሳለፍ፣ ቀርፋፋውን ደግሞ ኩርባው ከመድረሱ በፊት ማለፍ ያስፈልጋል። ነጂ ሲቀያየር ወጪው ቀበቶውን ፈትቶ ይወጣል፤ ገቢው ይገባል፤ ወጪው ጎንበስ ብሎ ያስረዋል። ይህን በጋራዥ ውስጥ ደጋግመው የሚለማመዱት የጠፋ ሰከንድ በመንዳት ስለማይመለስ ነው። መኪናው የመዘገበውን የፍሬን፣ የነዳጅና የመሪ መስመር ከባልደረባ መስመር ጋር በኮምፒውተር አስተያይቶ ማንበብም ግዴታ ነው። መኪናዬ ትንሸራተታለች ማለት አይበቃም፤ ፊቷ ነው ወይስ ኋላዋ፣ ኩርባው መግቢያ ላይ ነው ወይስ መውጫው ላይ፣ ይህን ለመሐንዲሱ በሬዲዮ በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር መቻል አለበት።

የዚህ ሁሉ የገንዘብ ወጪ እንዲህ ነው፦ በጂቲ4 አንድ የውድድር ዘመን በመቶ ሺዎች ዶላር ይቆጠራል፤ በጂቲ3 ሚሊዮን ያልፋል።

ገንዘብ የሌለውን ያሳለፈ አንድ ሌላ በር ነበር። ኒሳንና ሶኒ ከ2008 እስከ 2016 ባካሄዱት ጂቲ አካዳሚ የኮምፒውተር እሽቅድድም ተጫዋቾች ተመልምለው እውነተኛ መኪና ላይ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው አሸናፊ ስፔናዊው ሉካስ ኦርዶኔዝ በ2011 በሌ ማን በምድቡ ሁለተኛ ወጣ፤ የ2011 አሸናፊ እንግሊዛዊው ያን ማርደንቦሮ በ2013 እዚያው ሦስተኛ ሆነ። ፕሮግራሙ ቢቆምም በሲሙሌተር፣ ማለትም መንዳትን በኮምፒውተር በሚያስመስል መሣሪያ፣ መለማመድ ዛሬ የፕሮፌሽናሉ የዘወትር ሥራ ነው። መብራትና ኢንተርኔት በማይቆራረጥበት ቦታ ከሁሉም ርካሹ መጀመሪያ ይኸው ነው።

ወደ ጎረቤታችን ልመለስ። በ2022 ኬንያዊው ማክሬይ ኪማቲ በጁኒየር የዓለም ራሊ ሻምፒዮና ተሰልፎ በስዊድን በረዶ ላይ ነዳ። እሱ፣ ጄረሚ ዋሆሜና ሐምዛ አንዋር የፊያ ራሊ ስታር ተብለው በፎርድ ፊየስታ መኪኖች የተሰለፉ ወጣቶች ናቸው። የማክሬይ አባት ፊኒየስ ኪማቲ የቀድሞ ራሊ ተወዳዳሪና የኬንያን ፌዴሬሽን የመራ ሰው ነው። ከበስተኋላቸው የሰባ ዓመት ውድድር፣ ባንዲራ ይዘው መንገድ ዳር የሚቆሙ የሠለጠኑ ሰዎች፣ የሚሰበር መኪና በሌሊት የሚጠግኑ መካኒኮችና ስፖንሰር የሚያደርጉ ባንኮች አሉ። ሳፋሪ በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮናው ሲመለስ ናይቫሻ ላይ የተዘጋጀው መድረክ በአንድ ጀምበር የተሠራ አልነበረም።

እኛ ጋ ያለው ሁኔታ ግልጽ ነው። ዓለም አቀፍ ደረጃ ያለው ቋሚ የእሽቅድድም ሜዳ የለንም። በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለ ያገለገለች ኤምኤክስ-5 አስመጥቶ ክለብ ማቋቋም ቀላል አይደለም። በተከፈተ መንገድ ላይ መፎካከር ደግሞ ፈጽሞ መታሰብ የለበትም። ሐሙስ፣ የቀይ አፈር ከተማ ገበያ ቀን፣ ወደዚያ በሚወስደው አስፋልት ዳር እናቶች ማር ተሸክመው፣ ልጆች ፍየል እየነዱ ይሄዳሉ። እዚያ ላይ ፍጥነቱን የሚሞክር ሰው እሽቅድድምን አልጀመረም፤ ሰው ሊገድል ነው።

የሚቻለውን ስናይ ግን እገዳው ራሱ አንድ መንገድ ይጠቁማል። የዓለም ነጂዎች በሙሉ ማለት ይቻላል በልጅነት የሚጀምሩባት ካርት የምትባለው ትንሽ መኪና ዛሬ በኤሌክትሪክም ትሠራለች፤ ከአንድ ትልቅ የመኪና ማቆሚያ ብዙም የማይበልጥ ቦታ፣ የጎማ አጥርና ቻርጀር ይበቃታል። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ፎርሙላ ስቱደንት የሚባለውን ውድድር ቢመለከቱ ይበጃል። ተማሪዎች ትንሽ የእሽቅድድም መኪና ራሳቸው ነድፈው፣ ሠርተው፣ ወጪዋን በዳኞች ፊት አስረድተው የሚወዳደሩበት ነው፤ የኤሌክትሪክ ምድብም አለው። ብዙ የአውሮፓ የእሽቅድድም መሐንዲሶች የመጡት ከዚያ ነው።

ለጂንካ ጋራዥ ልጅ ከሁሉም የቀረበው ግን መፍቻው ነው። የስፖርት መኪና ቡድኖች ለየውድድሩ ቅዳሜና እሑድ መካኒኮችን በቀን ክፍያ ይቀጥራሉ፤ ነጂው ገና በሚከፍልበት እርከን ላይ መካኒኩ ከመጀመሪያው ቀን ይከፈለዋል። የጂም ራስል የእሽቅድድም ትምህርት ቤት ለዓመታት ወጣቶችን በመካኒክነት ሲያሠራ ክፍያቸውን በመንዳት ሰዓት ይሰጣቸው ነበር። ቀን መኪኖቹን እየጠገኑ፣ ባገኙት ሰዓት ደግሞ እነዚያኑ መኪኖች እየነዱ ይወዳደሩ ነበር።