ከጓሮ የተያዘ እባብና ሕጉ

በሰሜን አሜሪካ በየጓሮው ከሚታዩት እባቦች አንዱ ጋርተር ነው። ቀጭን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባውና በሁለቱ ጎኖቹ ፈዛዛ መስመሮች ይወርዱበታል። ምራቁ መለስተኛ መርዝ ቢኖረውም ለሰው አያሰጋም። ይህ ገራምነቱ ብዙዎችን አንስተው ቤት እንዲያስገቡት ይጋብዛል። እኔ ግን የያዙትን እባብ በትክክል ሳይለዩ ማሳደግ ሰውንም እባቡንም ይጎዳል እላለሁ።

ሪባን የሚባለው የቅርብ ዘመዱም ሦስት መስመር ስላለው በመስመር ብቻ መለየት አይቻልም። ቅርፊቱን ረድፍ በረድፍ መቁጠር ያስፈልጋል፦ ከሆድ ወደ ላይ ሲቆጠር በተለመደው ጋርተር ላይ የጎኑ መስመር 2ኛውንና 3ኛውን ረድፍ ይይዛል፤ በሪባን ላይ ግን 3ኛውንና 4ኛውን። በካሊፎርኒያ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። የሳን ፍራንሲስኮ ጋርተር የዚያው የተለመደው ጋርተር ንዑስ ዝርያ ቢሆንም፣ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊጠፉ ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቧል፤ መያዙ በሕግ ያስጠይቃል። በዚያው ግዛት ሌላውን ጋርተር ለመያዝ እንኳ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ይጠየቃል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በጆርጂያ ደግሞ መርዛማ ያልሆኑ አገር በቀል እባቦችን ማሳደግ ጭራሽ የተከለከለ ነው። የግዛቱን ሕግ ጥሶ የተያዘን እባብ ድንበር ማሻገር ደግሞ በ1900 እ.ኤ.አ. የወጣውን ሌሲ የተባለ የፌዴራል ሕግ መጣስ ነው።

«በየሜዳው ሞልቶ የለም እንዴ? አንድ ቢወሰድ ምን ይጎድላል?» የሚል ይኖራል። የተለመደው ጋርተር ብዙ መሆኑ እውነት ነው። የሳን ፍራንሲስኮውን ያመናመነው በዋናነት የረግረግ መሬቱ መጥፋት ቢሆንም፣ በውበቱ የተማረኩ ሰብሳቢዎችም ጉዳቱን አባብሰውታል፤ ቁጥሩ ላነሰ ፍጥረት የአንዲት እርጉዝ እናት መወሰድ ቀላል አይደለም። «ቤት ውስጥ ከጭልፊትና ከድመት ይድናል» የሚለውም አሳማኝ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከዱር የመጣ እባብ ብዙ ጊዜ ጥገኛ ትል ይዞ ይመጣል፤ በድንጋጤም ምግብ እምቢ ይላል። ወርቃማ ዓሣ ብቻ ቢቀለብ ደግሞ ዓሣው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ቫይታሚን ቢ1ን ስለሚያጠፋበት ነርቩ ይታወካል። ከርሞ መልሶ መልቀቅም መፍትሔ አይሆንም፤ የቤት በሽታ ወደ ዱር ሊያደርስ ይችላል።

ጋርተር ማሳደግ የሚወድ ሰው ከአርቢዎች ቤት የተወለደ ግልገል ይግዛ፤ ከመግዛቱም በፊት ለሚኖርበት ግዛት የዱር እንስሳት ቢሮ ደውሎ ይጠይቅ። ጓሮ ውስጥ የተገኘውን ግን ባለበት ይተወው።