የመከታ ግራ ዓይን

በሰፈራችን የውሻ ስም የሚወጣው ለውሻው ሳይሆን ለጎረቤት ነው። አንዱ ውሻውን «ምን አገባህ» ብሎ ይጠራል፤ ሌላው «ተወው» ይላል፤ ስሙ በተጠራ ቁጥርም መልእክቱ አጥር ተሻግሮ ለሚመለከተው ሰው ይደርሳል። አባታችን ግን ነገር የማይወዱ ሰው ስለ ነበሩ፤ ከመሞታቸው ሁለት ዓመት አስቀድሞ ከመንገድ ያነሡትን ቡችላ «መከታ» አሉት። እነሆ ዛሬ አምስት ዓመት ሆኖታል። መልኩ አፈር የመሰለ፤ አንድ ጆሮው የቆመ፤ አንድ ጆሮው የተኛ፤ ዘሩ ይህ ነው ተብሎ የማይነገር፤ ባጭሩ የአበሻ ውሻ የምንለው ነው። ይህን አስቀድመን መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም። ኋላ ስለ ገንዘብ ስንነጋገር፤ አንባቢ «ምናልባት ከውጭ አገር የመጣ፤ በብዙ ሺህ ብር የተገዛ ውሻ ይሆን?» ብሎ እንዳይጠራጠር ብለን ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ሐሙስ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ልጆች ከበር ውጭ ሲጫወቱ ኳሳቸው ወደ ግቢያችን ገባች። መከታም እንደ ልማዱ በጩኸት ተቀበላት፤ ከልጆቹም አንዱ ድንጋይ ወረወረ። እኛ ማታ ከሥራ ስንመለስ ውሻው ግራ ዓይኑን ጨፍኖ ዕንባው ሲወርድ አገኘነው። አልጮኸም፤ አላለቃቀሰም፤ እራቱንም በላ።

እንግዲህ የምናፍርበት ነገር ከዚህ ይጀምራል። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ሁለት ዓመት አልሞላንም፤ ወሩም ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ደሞዝተኛ የሆነ ሁሉ እነዚያን ቀኖች ያውቃቸዋል። «እራቱን ከበላ ደኅና ነው፤ ሰኞ ደመወዝ ሲወጣ እናሳየዋለን» ብለን ተኛን። በማግሥቱ የዓይኑ ነጭ ቀላ፤ ቅዳሜ ብሌኑ ላይ እንደ ጉም ያለ ነገር ወረደበት፤ እሑድ ደግሞ ዓይኑ ከቀኙ የገዘፈ መሰለ። እኛም ሰኞን እንጠብቅ ነበር።

ስንጠብቅ ግን እጃችንን አጣጥፈን አልነበረም። የጎረቤት ዘበኛ የሆኑት አዛውንት ብቅ ብለው አዩትና «ልጄ፤ ትምባሆ አኝክና እንትፍ በልበት፤ እኛ አገር በሬ የምናድነው እንዲያ ነው» አሉን። በልባችን ሳቅን። የተማርን ነና። ከዚያም ወደ ቤት ገብተን፤ እናታችን ባለፈው ዓመት የዓይን ሞራ ኦፕራሲዮን ሲደረግላቸው ከታዘዘላቸው ጠብታ የተረፈውን አውጥተን በመከታ ዓይን ላይ አንጠባጠብን። በብልቃጡ ላይ ዴክሳሜታዞን ይላል። ዴክሳሜታዞን ምን እንደ ሆነ አላወቅንም፤ ነገር ግን የዓይን መድኃኒት መሆኑን አወቅን፤ መከታም ያመመው ዓይኑን ነው። በእኛና በአዛውንቱ መካከል የነበረው ልዩነት የብልቃጡ ማማር ብቻ እንደ ነበረ የገባን በኋላ ነው።

ሰኞ ዕለት ሦስት ባለታክሲዎች ውሻውን አይተው እምቢ አሉ፤ አራተኛው በእጥፍ ዋጋ ወሰደን። ሐኪሙ ቢሾፍቱ ካለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የወጣ፤ በዕድሜ ከእኛ ብዙ የማይርቅ ወጣት ነው። አስቀድሞ የጠየቀን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርድ ነበረ፤ እጁን ወደ ውሻ አፍ የሚያስጠጋ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ከዚያም ብርቱካንማ ቀለም የተነከረ ቀጭን ወረቀት አውጥቶ የዓይኑን ጠርዝ ነካ አደረገ፤ በሰማያዊ መብራትም ተመለከተው። የዓይኑ ፊት ቆስሎ ቢሆን ኖሮ ቁስሉ አረንጓዴ ሆኖ ያበራ ነበር አለን። አላበራም።

«ምን መድኃኒት አደረጋችሁበት?» ብሎ ጠየቀን። ነገርነው። ራሱን ነቀነቀ። እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ የኮርቲዞን ዘር የሆነ ጠብታ በዓይን ውስጥ ለሚነሣ ብግነት የሚረዳ ቢሆንም፤ በቆሰለ ዓይን ላይ ሲደረግ ግን ቁስሉ እንዳይሽር ያግዳል፤ አልፎ ተርፎም የዓይኑ ፊት እስኪቀልጥና እስኪቀደድ ያደርሰዋል። አንድ መድኃኒት እንደ ሁኔታው አዳኝም አጥፊም ነው ማለት ነው። ሁለቱን የሚለየው ያ ቁራጭ ወረቀት ነው፤ ከሕክምናውም ሁሉ ርካሹ እሱ ነበረ። እኛን ያዳነን ዕድል እንጂ ዕውቀት አይደለም።

ቀጥሎ ማደንዘዣ ጠብታ አድርጎ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ከዓይኑ ላይ አሳረፈ። በዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት የምትለካ ናት። የጤነኛ ውሻ ዓይን ግፊት በሜርኩሪ ሚሊ ሜትር ሲለካ ከ10 እስከ 25 ገደማ ነው። የመከታ ቀኝ ዓይን 17 ሆነ። ግራው 48።

ሐኪሙ ነገሩን እንዲህ ሲል አስረዳን። በዓይን ውስጥ ንጹሕ ውሃ ሳያቋርጥ ይመነጫል፤ በመጣበትም ልክ በጠባብ ማጣሪያ አልፎ ይወጣል። ድንጋዩ ሲመታው በውስጥ የፈሰሰው ደምና የተነሣው ብግነት መውጫውን ደፈነው። ምንጩ ግን መውጫው መደፈኑን አያውቅምና ማመንጨቱን አይተውም። ዓይኑ እንደ ተነፋ ፊኛ ይወጠራል፤ በስተኋላ ያለው የማያ ጅማትም ይታነቃል። ይህ ግላኮማ ይባላል። ግፊቱ እጅግ ከበረታ የውሻን ብርሃን ለማጥፋት ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይበቃዋል።

«መቼ ነው የተመታው?» አለን።

«ሐሙስ።»

ሌላ ምንም አልተናገረም፤ መድኃኒት ይጽፍ ጀመር። ወዲያው አምጥተነው ቢሆን ኖሮ ዓይኑ ይተርፍ እንደ ሆነ እኛም አልጠየቅንም፤ እሱም አልነገረን።

የታዘዙት ሁለት ብልቃጦች ነበሩ፤ አንዱ ግፊት የሚያወርድ፤ አንዱ ብግነት የሚያበርድ፤ ሁለቱም በሰው መድኃኒት ቤት የሚሸጡ ናቸው። በሁለቱ መካከል አምስት ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አጥቦ ያወጣዋል። ጧት እኛ፤ ቀን እናታችን፤ ማታ እንደገና እኛ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ሁለቱ ብልቃጦች ከደመወዛችን ሩቡን ወሰዱ። ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ሁሉ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነውና፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ወዴት እንደ ሄደ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገንም።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሐኪሙ እጁን በድንገት ወደ ግራ ዓይኑ ቢሰነዝር ውሻው አልጨፈነም። ኃይለኛ መብራት ቢያበራበት ብሌኑ አልጠበበም። ግፊቱ ወርዶ ወርዶ 36 ላይ ቆሟል። «ዓይኑ ጠፍቷል፤ ሕመሙ ግን አልጠፋም። አሁን የምትመርጡት ዓይኑን ለማዳን አይደለም» አለን።

ከፊታችን የቀረበው ምርጫ ይህ ነበር። በጠብታው መቀጠል ይቻላል። ወይም በዓይኑ ውስጥ መድኃኒት በመርፌ ወግቶ ውሃ የሚያመነጨውን ክፍል ማድረቅ ይቻላል፤ ይህ በዋጋ የሚቀል፤ ለጠፋ ዓይን ብቻ የሚደረግ ሕክምና ሲሆን፤ አንዳንድ ጊዜ ሳይሠራ ይቀርና እንደገና መውጋት ያስፈልጋል። ወይም ዓይኑን ፈጽሞ አውጥቶ ቆቡን መስፋት። በአውሮፓና በአሜሪካ በጨረር የሚያክሙ፤ ውሃ ማውጫ ቱቦ የሚተክሉ፤ በወጣው የዓይን ሥጋ ምትክ የሲሊኮን ኳስ አግብተው መልኩን የሚጠብቁ ሐኪሞች አሉ፤ ሐኪሙ ይህን የነገረን እንድናውቀው እንጂ እንድንመርጠው አልነበረም። «ወስዳችሁ ሩቅ ጣሉት» ያሉን ሰዎችም ነበሩ፤ ሌላም የከፋ ምክር የሰጡን ነበሩ፤ እነሱን እንለፋቸው።

እናታችን ጠብታውን መረጡ። «ዓይኑ ከእነ ጉሙም ቢሆን ዓይን ነው። ምን በደለና ዓይኑን እናወጣለን?» አሉ። እኛም በልባችን ከእሳቸው ጋር ነበርን። ማውጣት ጭካኔ፤ ጠብታ ማድረግ ርኅራኄ ሆኖ ታየን። በዚያ ማታ ግን ወረቀትና እርሳስ አቅርበን ሒሳብ ሠራን። አንድ ብልቃጥ ከተከፈተ ከአራት ሳምንት በኋላ ይጣላል፤ ስለዚህ በዓመት 13 ብልቃጥ ነው። ሁለት ዓይነት መድኃኒት ስለ ሆነ 26። መከታ አምስት ዓመቱ ነው፤ አሥራ ሁለት ቢደፍን ሰባት ዓመት ይቀረዋል፤ 182 ብልቃጥ! ይህን ሁሉ የምናፈስሰውም ለማያይ ዓይን ነው፤ በዚያም ላይ ግፊቱ 36 እንደ ሆነ ይቀራል። ኦፕራሲዮኑ የሚጠይቀው የአራት ወር ጠብታ ዋጋ ያህል ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

ነገር ግን እናታችንን ያሳመናቸው ሒሳቡ አልነበረም። በሌላ ሌሊት ውሃ ሊቀዱ ወጥተው መከታን አዩት፤ ግንባሩን ከቀዝቃዛው የድንጋይ ግድግዳ ጋር አጣብቆ ቆሟል። ለካስ በየሌሊቱ እንዲህ ያደርግ ኖሯል። ሐኪሙ ነግሮን ነበር፤ ይህ ሕመም በሰው ላይ ሲደርስ ራስን የሚፈልጥ፤ የሚያስመልስም ነው፤ ውሻ ግን ሕመሙን ይደብቃል፤ እንቅልፍ ያበዛል፤ ራሱን ሲነኩት ይሸሻል፤ ባለቤቱም «አረጀ፤ ጨዋታ ተወ» ይላል። እናታችን ተመልሰው ገብተው አልጋችን ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «አባትህም አያመኝም ይል ነበር» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ መልኩ አልተነጋገርንም።

ቀጥሎ የገንዘቡ ነገር መጣ። ከመሥሪያ ቤታችን አንድ ባልደረባ ብድር ብንጠይቀው «ስንቱ ሰው ዓይኑ በሚጠፋበት አገር ለውሻ ዓይን?» አለን። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም፤ ምክንያቱም ሐሰት አይደለም። በዓለም ላይ የትራኮማ በሽታ ከበረታባቸው አገሮች ቀዳሚዋ ኢትዮጵያ ናት፤ በየገጠሩ በዚሁ የተነሣ ብርሃናቸውን ያጡ እናቶች አሉ። እኛም ይህን ሰምተን ጥቂት ቆየንና፤ ውሻው ላይ የማናወጣው ገንዘብ ወደ ማን ዓይን እንዲሄድ እንደሚፈልግ ጠየቅነው። ሳቀ። ግማሹንም አበደረን። መልሳችን ግን ጥያቄውን አሸነፈው አንልም።

ሌላውን ግማሽ የሰጡን እናታችን ናቸው። የሴቶች ዕቁብ አላቸው፤ ተራቸው ገና ሩቅ ነበር። በዚያ ሳምንት ዕጣ ከወጣላቸው ሴትዮ ጋር ተነጋግረው ተራ ተለዋወጡ። ለምን እንደ ሆነ ሲጠየቁ «ቤት ውስጥ ሕመምተኛ አለብኝ» ብለዋል። ውሸት አልተናገሩም።

ኦፕራሲዮኑ ከአንድ ሰዓት ብዙ አልፈጀም። ስንወስደው ግራ ፊቱ የተላጨ፤ የዓይን ቆቡ በጥቁር ክር የተሰፋ ነበር። ሐኪሙ የሕመም ማስታገሻ ሰጠንና አንድ ነገር ደጋግሞ አስጠነቀቀን፤ ለሰው የሚሆነውን ክኒን፤ ለምሳሌ አይቡፕሮፌንን፤ «ራራሁለት» ብላችሁ እንዳትሰጡት፤ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል አለን። የእናታችንን ጠብታ አስታውሶ መሆን አለበት። ስፌቱን እንዳያከው በአንገቱ የሚጠልቅ የላስቲክ አንገትጌ ያስፈልግ ነበር፤ ለእሱ ልክ የሚሆን ባይገኝ የአሮጌ ባልዲ ቂጥ ቆርጠን አጠለቅንለት። አዛውንቱ ዘበኛ ይህን አይተው ለረጅም ጊዜ ሳቁ፤ በእኛም ላይ መሳቅ ተራቸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጧት ከአልጋችን ሥር አንድ እግር ጫማ አጣን። መከታ ባልዲውን እንዳጠለቀ ጫማውን ይዞ ግቢውን ይዞር ነበር። ከተመታ ጀምሮ ጫማ አልሰረቀም፤ እኛም መተዉን ልብ አላልነውም ነበር።

ስፌቱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወጣ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበሩ የግራ ምሰሶ ጋር እየተላተመ አስቸገረን፤ አሁን ለምዶታል። ወደ እሱ የሚቀርብ ሰው በቀኙ በኩል መምጣት ወይም አስቀድሞ መጥራት አለበት፤ አለዚያ ይደነግጣል። ድንጋይ የወረወረው ልጅ ይህን ከማናችንም በፊት አወቀው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ገና ከመንገዱ ማዶ ስሙን ይጠራል። ማታ ሲተኛም ግራ ጎኑን ወደ ግድግዳው፤ ቀኝ ዓይኑን ወደ በሩ አድርጎ ነው።