ሥር የሰደደ ሕመም፦ የአንጎል ለውጥና የተሐድሶ ሕክምና

ቁስሉ ድኖ ወይም ስብራቱ ገጥሞ፣ በራጅ ምርመራም አዲስ ጉዳት ሳይታይ ሕመሙ የማይለቃቸው ሰዎች አሉ። ከሦስት ወር በላይ የሚቆይ ወይም እየተመላለሰ የሚያስቸግር ሕመም ሥር የሰደደ ሕመም ይባላል። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ የታማሚው ፈጠራ ወይም የስንፍና ምልክት አይደለም።

በሰውነት ውስጥ ምን ይለወጣል?

ጊዜያዊ ሕመም ስለ ጉዳት የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቂያው ለረዥም ጊዜ ሲደጋገም ግን ኅብለ ሰረሰርና አንጎል ከመጠን በላይ ንቁ ሊሆኑ ይችላሉ። በዚህም ምክንያት ቀላል ንክኪ እንኳ እንደ ቃጠሎ ሊሰማ ይችላል። ከስሜትና ከትኩረት ጋር የተያያዙ የአንጎል ክፍሎችም ስለሚነኩ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ፤ እነዚህም በተራቸው ሕመሙን ያባብሳሉ።

የሥጋ ደዌ ምሳሌ

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ በተለምዶ ዘነበወርቅ በሚባለው አካባቢ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ተሐድሶና ሥልጠና ማዕከል ሆኖ ተቋቋመ። በሽታው ነርቭን ስለሚጎዳ፣ መድኃኒታቸውን በአግባቡ ጨርሰው የዳኑ ሰዎችም ለዓመታት የነርቭ ሕመም ሊሰማቸው ይችላል። እግሩ ደንዝዞ እሾህ ሲወጋው የማያውቅ ሰው፣ በዚያው እግር የማቃጠል ሕመም ሊሠቃይ ይችላል። ሆኖም አዲስ የነርቭ ሕመም ወይም የእጅና የእግር መዛል ከተሰማ ዘላቂ ጉዳት እንዳያስከትል ወዲያውኑ መታከም ያስፈልጋል።

ተሐድሶ ምን ይሠራል?

አንጎል መለወጥ እንደሚችል ሁሉ መልሶ መማርም ይችላል። ሥር የሰደደ የወገብ ወይም የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመማቸው ታክሞ በተሻላቸው ሰዎች ላይ፣ ከታዩት የአንጎል ለውጦች አንዳንዶቹ ወደ ቀድሞው ሁኔታ ሲመለሱ ታይቷል። የተሐድሶ ሕክምና ፊዚዮቴራፒን፣ የሥነ ልቦና ምክርንና የእንቅልፍ ሥርዓትን ማስተካከልን ያካትታል። እንቅስቃሴ ከጥቂት ደቂቃ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል። «ዛሬ ተሽሎኛል» ብሎ የሳምንቱን ልብስ በአንድ ቀን ማጠብ፣ በማግስቱም ቀኑን ሙሉ መተኛት አይመከርም።

ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው መድኃኒት ከተለመደው ማስታገሻ ይለያል። ዳይክሎፌናክንና አይቡፕሮፌንን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረዥም ጊዜ መውሰድ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

በቅድሚያ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የቀድሞ የምርመራ ውጤቶችን፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶችና የጤና መድኅን አባል ከሆኑ መታወቂያዎን ይያዙ። የሕመሙን መጠን ብቻ ሳይሆን በሕመሙ ምክንያት ያቋረጡትን ሥራም ለባለሙያው ይንገሩ። ተጨማሪ ሕክምና ካስፈለገ ጤና ጣቢያው በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይልክዎታል።

ከሕመሙ ጋር ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎ፣ እግርዎ ከዛለ ወይም በጭኖችዎ መካከል ከደነዘዘ ግን ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል ይሂዱ።